ሳተላይት ያየው እሳት፣ ሳተላይት ያለፈው እሳት

በምሥራቅ ጎጃም የእነብሴ ሳር ምድር ወረዳ ዳርቻ ገደል ነው። ዓባይ በሰሜን ከደቡብ ጎንደር፣ በምሥራቅ ከደቡብ ወሎ ይለየዋል። የወረዳው ከተማ መርጡለ ማርያም ደጋው ላይ ተቀምጣ ቆላውን ቁልቁል ታያለች። ደጋው አዝመራውን ሰብስቦ ሲያበቃ ቆላው ይደርቃል፤ በበጋው ወራት ከሸለቆው ጭስ ሲወጣ ማየት ለአገሬው እንግዳ ነገር አይደለም። አንዱ መሬት ሲመነጥር የለኮሰው ነው፣ ሌላው ከሰል ሲያከስል ያመለጠው፣ ሌላው ደግሞ ለከብቱ ለጋ ሣር እንዲበቅልለት ብሎ የለቀቀው። ይህን እሳት ማን ያየዋል? መቼስ ያየዋል? የጥያቄው መልስ ባለፉት 50 ዓመታት ውስጥ ብዙ ጊዜ ተለውጧል።

ቀድሞ እሳት የሚታየው በሰው ዓይን ብቻ ነበር። ንግሥት እሌኒ ያሠራችው ታላቁ የመርጡለ ማርያም ቤተ ክርስቲያን በ16ኛው መቶ ዘመን በግራኝ አህመድ ጦርነት ጊዜ ሲቃጠል ወሬውን ያደረሰው እግረኛና ፈረሰኛ ነው። የዚያ ሕንፃ ፍርስራሽ እስከ ዛሬ ቆሟል። ሰደድ እሳት ሲነሳም ያየ ሰው ይጮኻል፣ ጡሩንባ ይነፋል፤ የሰማ ሁሉ እርጥብ ቅጠል ቆርጦ ይወጣል። ይህ ዘዴ ዛሬም ይሠራል፤ ብዙ እሳት የሚጠፋውም በዚሁ ነው። ችግሩ ሰው በማይደርስበት ገደል ውስጥ የተነሳው እሳት ነው። እሱ አንድ ሰፈር እስኪደርስ ድረስ ማንም አያውቀውም፤ የታወቀ ዕለት ደግሞ በቅጠል ከሚመታበት ደረጃ አልፏል።

የመጀመሪያዋ የላንድሳት ሳተላይት እ.ኤ.አ. ጁላይ 23 ቀን 1972 ስትመጥቅ፣ ከምድር በላይ ሆኖ ደንና እርሻን በመደበኛነት ፎቶግራፍ ማንሳት ተጀመረ። ሆኖም ላንድሳት ወደ አንድ ቦታ የምትመለሰው በ18 ቀን አንዴ ነበር። በዚህ ልዩነት የሚነድ እሳትን ማግኘት የዕድል ጉዳይ ነው፤ የምታሳየው አብዛኛውን ጊዜ እሳቱን ሳይሆን ጥቁር ጠባሳውን ነው።

ነበልባሉን ራሱን ያገኘው ለሌላ ሥራ የተላከ መሣሪያ ነው። የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት፣ ኖኣ፣ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 13 ቀን 1978 ታይሮስ ኤን የተባለችውን የአየር ጠባይ ሳተላይት አመጠቀ። በላይዋ የነበረው የደመናና የባሕር ሙቀት መለኪያ ነበር። የኖኣ ባለሙያ ማይክል ማትሰን ምስሎቹን ሲመረምር በፋርስ ባሕረ ሰላጤ አካባቢ እጅግ የጋሉ ነጥቦች አየ። ነጥቦቹ በነዳጅ ጉድጓዶች ላይ የሚነድ ጋዝ ሆነው ተገኙ። ከጄፍ ዶዚየር ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ አንድ እሳት ከሳተላይቱ የምስል ነጥብ እጅግ ያነሰ ቢሆን እንኳ ሊታወቅ እንደሚችል አሳዩ። ዛሬ በየስልካችን የምናያቸው የእሳት ካርታዎች ሁሉ መነሻቸው ይህ ሥራ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሞቀ ነገር ሁሉ ዓይናችን የማያየው ጨረር ይረጫል። ተራ መሬት አብዝቶ የሚረጨው 11 ማይክሮሜትር ገደማ ባለው የሞገድ ርዝመት ነው። ነበልባል ግን ወደ 4 ማይክሮሜትር ሲወርድ ከአካባቢው በብዙ ሺህ እጥፍ ይደምቃል። ስለዚህ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሸፍን የምስል ነጥብ ውስጥ የሚነደው ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ቢሆንም፣ ሁለቱ የሙቀት ምስሎች ጎን ለጎን ሲታዩ ልዩነቱ ያጋልጠዋል። ይህ በእውነት የሚደነቅ ነገር ነው፤ ከምድር 700 ኪሎ ሜትር ርቆ የአንድ ጎጆ ቅጥር ግቢ የሚያህል ቃጠሎ ማወቅ ማለት ነውና።

የኖኣው መሣሪያ ግን ትልቅ ጉድለት ነበረበት። እሳት የሚያሳየው ክፍሉ ወደ 50 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲደርስ ይሞላል፤ ከዚያ በላይ ያለውን ሁሉ አንድ አድርጎ ያያል። እንደ አፋር ባለ አገር ደግሞ የበጋ ፀሐይ የመታው ባዶ መሬት ብቻውን ከዚያ ያልፋል። ስለዚህ መሣሪያው የጋለውን መሬት ከሚነደው ደን መለየት ይቸግረው ነበር። እስከ እ.ኤ.አ. 1990ዎቹ መጨረሻ ድረስ የዓለም የእሳት ጥናት በአብዛኛው በዚህ ላይ ቆሞ ነበር።

ኢትዮጵያ ሰደድ እሳትን እንደ አገራዊ አደጋ ያየችው በ1992 ዓ.ም. ነው። ዝናቡ ቀርቶ ድርቁ የበረታበት ዓመት ነበር። በባሌና በቦረና የተነሳው ቃጠሎ የሐረናን ደን ጨምሮ ለብዙ ሳምንታት ነደደ። ገበሬው፣ ወታደሩና ተማሪው ተሰልፎ በአካፋና በቅጠል ታገለ። ከጀርመን፣ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ፤ መቀመጫውን ፍራይቡርግ ያደረገው የዓለም የእሳት ክትትል ማዕከል እርዳታውን አስተባበረ። የጠፋው ደን ከ150,000 ሄክታር በላይ እንደሆነ ተገምቷል። በመጨረሻ እሳቱን ያበረደው የበልጉ ዝናብ ነው። ስለዚያ ቃጠሎ ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የመሣሪያ እጥረቱ ነው፤ ለእኔ ግን የሚከነክነው ሌላ ነው። ሰው እሳቱን በሰልፍ ሊታገለው የወጣው ነበልባሉ ደኑን ይዞ ከተስፋፋ በኋላ ነበር።

በዚያው ወቅት በሰማይ ላይ አዲስ ዓይን እየተከፈተ ነበር። ናሳ ቴራ የተባለችውን ሳተላይት ታኅሣሥ 8 ቀን 1992 ዓ.ም. አመጠቀ። በላይዋ የተጫነው ሞዲስ የተባለው መሣሪያ የመጀመሪያ ምስሉን ያነሳው የካቲት 16 ቀን 1992 ዓ.ም. ነው፤ ባሌ በምትነድበት ወር መሆኑ ነው። ሞዲስ ከቀዳሚዎቹ የሚለየው እሳትን ለማየት ታስቦ በመሠራቱ ነው። በ4 ማይክሮሜትር የሚያየው ክፍሉ የሚሞላው በ50 ዲግሪ ሳይሆን ከ200 ዲግሪ በላይ ነው፤ ስለዚህ የጋለ መሬትንና ነበልባልን ይለያል። የቴራ እህት አኳ ያንኑ ዓይነት መሣሪያ ይዛ እ.ኤ.አ. ሜይ 4 ቀን 2002 ተከተለች።

ከዚህ በኋላ ጥያቄው ምን ያህል ይታመናሉ የሚለው ሆነ። ናሳ ራሱ የሚሰጠው መለኪያ ግልጽ ነው። ሞዲስ 1,000 ካሬ ሜትር የሚሆን እሳትን በተለመደ ሁኔታ ያገኛል። ሁኔታው በጣም ጥሩ ከሆነ 100 ካሬ ሜትር ይበቃዋል። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ መሬቱ አንድ ዓይነት ሆኖ፣ ሳተላይቱም ቀጥ ብሎ ከላይ ካለፈ 50 ካሬ ሜትር እንኳ ሊያይ ይችላል። የአንድ ቀበሌ ደመራ ከዚህ ከመጨረሻው መጠን ያነሰ ነው። ስለዚህ መስከረም 16 ቀን በየሰፈሩ የሚነደው ያ ሁሉ ደመራ ለሞዲስ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከመጠኑ የሚብሰው ግን ሰዓቱ ነው። ቴራ ኢትዮጵያን የምታልፈው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4:30 እና ማታ 4:30 ገደማ ነበር። አኳ ደግሞ ከቀኑ 7:30 እና ከሌሊቱ 7:30 ገደማ። አሁን የመርጡለ ማርያምን ቆላ እናስብ። ገበሬው ምንጣሮውን የሚያቃጥለው ጤዛው ደርቆ፣ ነፋሱ ተነስቶ፣ ከሰዓት በኋላ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት የተለኮሰ ሣር 11 ሰዓት ላይ አመድ ሆኗል። ሲለኮስ አኳ ካለፈች ሰዓት ተኩል ሆኗታል፤ ቴራ ለመምጣት ብዙ ይቀራታል። ያ እሳት አንድ ሙሉ ተዳፋት በልቶ በማንኛውም የነበልባል መዝገብ ላይ ሳይጻፍ ያልፋል። ደመና ከሸፈነውም እንደዚሁ ነው፤ የሙቀት ጨረሩ በወፍራም ደመና አያልፍም። በትልልቅ ዛፎች ሥር በቅጠል ላይ ብቻ የሚሄድ እሳትም ከላይ በዛፉ ጥላ ይሸፈናል። ከሰል ለማክሰል በአፈር ተደፍኖ የሚጤሰው ክምር ደግሞ እሳቱን ራሱ ሰው ሆን ብሎ የደበቀው ነው።

የኢትዮጵያ ካርታ በእሳት ነጥቦች ሲሞላ ነጥቦቹ የሚበዙት በምዕራቡ ቆላ ነው፤ በጋምቤላና መተከልን ጨምሮ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ። በዚያ ረጅም ሣር በየዓመቱ ከኅዳር ጀምሮ ሰፊ ቦታ ይዞ ይነዳል፤ ሳተላይት የሚወደው ዓይነት እሳት ነው። የምሥራቅ ጎጃም ደጋ ግን በካርታው ላይ ባዶ ይመስላል። እዚህ ማሳው ትንሽ ነው፤ ገለባው ለከብት ስለሚፈለግ አይቃጠልም። ከዚህ የተነሳ እሳቱ በእርግጥ ያነሰ ነው። ነገር ግን ካለው ውስጥ የማይታየው ድርሻ ከምዕራቡ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ፤ ምክንያቱም ጥቃቅንና አጭር ዕድሜ ያለው ነው።

የሳተላይቱ መልእክት ለሰው መድረስ የጀመረበትን ዘመን ሳይጠቅሱ ማለፍ አይቻልም። እ.ኤ.አ. በ2004 ደቡብ አፍሪካ አፊስ የተባለ ሥርዓት ዘረጋች። የአገሪቱ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት ከኤሌክትሪክ ኩባንያው ከኤስኮም ጋር ሆኖ የሠራው ነው። በከፍተኛ ኃይል መስመር ሥር ሣር ሲነድ መስመሩ ስለሚቋረጥ፣ ሳተላይቱ እሳት ሲያይ ለመስመሩ ኃላፊዎች በስልካቸው አጭር መልእክት ይደርሳቸው ጀመር። ከሞዲስ በተጨማሪ ከአፍሪካ በላይ በአንድ ቦታ ቆማ በየ15 ደቂቃው ምስል ታነሳ የነበረችውን የአውሮፓ ሳተላይት ሜቲዮሳትን ይጠቀሙ ነበር። ሜቲዮሳት የሰዓቱን ችግር ትፈታ ነበር። ነገር ግን 36,000 ኪሎ ሜትር ርቃ ስለምትገኝ የምስል ነጥቧ ከ3 ኪሎ ሜትር በላይ ነበር፤ የምታየው ትልቅ እሳት ብቻ ነበር። በየጊዜው የምታይ ትንሹን አታይም፤ ትንሹን የምታይ በየጊዜው አትመጣም። እስከ ዛሬ ድረስ የዚህ ሙያ ዋና ችግር ይኸው ነው።

ናሳና የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ፈርምስ የተባለው የመረጃ አገልግሎት እ.ኤ.አ. በ2007 ሥራ ጀመረ። ሳተላይቱ ካለፈ በ3 ሰዓት ውስጥ የእሳት ነጥቡን ለማንም በነጻ ያደርሳል። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 28 ቀን 2011 ከመጠቀችው ሱኦሚ ኤንፒፒ ጀምሮ ደግሞ ቪርስ የተባለ አዲስ መሣሪያ መጣ። የምስል ነጥቡ ከ1 ኪሎ ሜትር ወደ 375 ሜትር ወረደ፤ ሞዲስ ያለፋቸው ብዙ ትንንሽ እሳቶች መታየት ጀመሩ። ቪርስም ከቀኑና ከሌሊቱ 7:30 አካባቢ ነው የሚያልፈው። አሁን በሦስት ሳተላይቶች ላይ አለ፤ ሦስቱም በዚያው ሰዓት አቅራቢያ ይመጣሉ።

ሁለት ጥናቶች የተዓማኒነቱን ሚዛን ያሳያሉ። እ.ኤ.አ. በ2016 ሉዊስ ጂሊዮና ባልደረቦቹ የሞዲስን የተሻሻለ ስሌት ሲመረምሩ፣ እሳት በሌለበት እሳት አለ ብሎ የሚሳሳትበት መጠን በዓለም ደረጃ 1.2 ከመቶ ብቻ ሆኖ አገኙት። ይህ እጅግ ጥሩ ውጤት ነው። በሌላ በኩል እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ከሰሐራ በታች ባለው የአፍሪካ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2016 የደረሰውን ቃጠሎ በሴንቲኔል 2 ሳተላይቶች ምስሎች ለካ። የጥናቱ ምስሎች ጥራት 20 ሜትር ነበር። የተቃጠለው መሬት 4.9 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ በሞዲስ የተለካው ግን 2.7 ሚሊዮን ብቻ ነበር። በጥናቱ መሠረት ከዚያ ቃጠሎ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ከሞዲስ መዝገብ ውጭ ነበር ማለት ነው፤ አብዛኛውም ጥቃቅኑ እሳት ነው።

ሁለቱን አንድ ላይ ላነበበ ሰው ትርጉሙ ከባድ ነው። ሳተላይቱ እዚህ እሳት አለ ካለ እመኑት፤ ዝም ካለ ግን ዝምታውን እንደ ማስረጃ አትያዙት። በእርግጥ አለ ሲልም ጥንቃቄ የሚያስፈልግበት ቦታ አለ። በአፋር የኤርታ አሌ እሳተ ገሞራ በእነዚህ ካርታዎች ላይ እንደ እሳት ነጥብ ይታያል፤ መሣሪያው የሚያውቀው ሙቀትን እንጂ የሚነደው ሣር ይሁን ቀልጦ የሚፈላ ድንጋይ አይደለም።

መጋቢት 19 ቀን 2011 ዓ.ም. በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት ተነሳ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ ዋልያ፣ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ የሚኖሩበት ነው። በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነበር፤ ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ አልሞላውም። እሳቱ ጠፋ ሲባል በሚያዝያ መጀመሪያ እንደገና ተነሳ። ጓሳውና አስታው በነፋስ ነደደ። የአካባቢው ሕዝብ በእግሩ ገደሉን ወርዶ ታገለ፤ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች መጡ፤ ዝናብም ረዳ። በዚህ ጊዜ እሳቱ መኖሩ ምስጢር አልነበረም። የጎደለው ወደ ገደሉ የሚያደርስ መንገድ፣ ውሃና መሣሪያ ነበር። ከ1992 ዓ.ም. ወዲህ የሰማዩ ዓይን በብዙ እጥፍ ሲሻሻል የምድሩ ክንድ እዚያው ቆሟል። ይህን ስጽፍ ያመኛል፤ ምክንያቱም በዚያ የተዋጉት ሰዎች የጎደላቸው ወኔ አልነበረም።

በተከታዩ ዓመት፣ ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሳተላይቷን ኢቲአርኤስኤስ 1ን ከቻይና አመጠቀች። ክብደቷ 72 ኪሎ ግራም ነበር፤ መረጃዋም በእንጦጦ ይቀበሉት ነበር። ለእርሻ፣ ለደንና ለውሃ ምስል የታሰበች እንጂ ነበልባል ለመጠቆም የተሠራች አልነበረችም። ቢሆንም የአገሪቱ ወጣት ባለሙያዎች ምስል መቀበልንና ማንበብን የተማሩባት ናት፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ደግሞ የሰዓቱን ችግር ለመፍታት ሌላ ሙከራ ተጀምሯል። እ.ኤ.አ. በማርች 2025 የመጀመሪያዋ የፋየርሳት ሳተላይት መጠቀች። ዕቅዱ ከ50 በላይ ሳተላይቶችን አሰማርቶ፣ 5 ሜትር በ5 ሜትር የሆነ እሳትን በየ20 ደቂቃው ማየት ነው። ከተሳካ ከቀኑ 9 ሰዓት የተለኮሰው የዓባይ ሸለቆ ሣርም ይታያል። እስካሁን ግን ዕቅድ ነው። ቴራና አኳ ደግሞ አርጅተዋል፤ የማለፊያ ሰዓታቸውንም መጠበቅ አልቻሉም።

እስከዚያው ድረስ በመርጡለ ማርያም፣ በቢቸናም ሆነ በሞጣ ሊሠራ የሚችል፣ ገንዘብም የማይጠይቅ አንድ ሥራ አለ። ሳተላይት በእኛ አገር ምን ያህል እንደሚታመን ማወቅ የሚቻለው በምድር ከተጻፈ መዝገብ ጋር ሲነጻጸር ብቻ ነው። የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶችና የደን ጠባቂዎች እሳት ባዩ ቁጥር ቀኑን፣ የተነሳበትንና የጠፋበትን ሰዓት፣ ጎጡንና የተቃጠለውን ስፋት ይጻፉ። የደብረ ማርቆስና የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ይህን መዝገብ ሰብስበው ከፈርምስ ነጥቦች ጋር ያስተያዩት። በጽሕፈት ቤቱ ኢንተርኔት ያለው ስልክ የያዘ አንድ ሰው ካለ፣ የወረዳውን ክልል መርጦ ማስጠንቀቂያው በኢሜይል እንዲመጣለት ዛሬውኑ መመዝገብ ይችላል። መልእክቱ ሲደርሰው የሚደውልለት የቀበሌ ሰው ቁጥርም ከወዲሁ ይያዝ፤ ያለዚያ ነጥቡ ከስልኩ አልፎ ገደሉ አጠገብ ላለው ሰው አይደርስም።